አርቪላና የቦሎቄው ራት

ወሬውን የነዛችው ጎረቤቷ ኮራ ናት። አጥሩን ተደግፋ ለፖስተኛው፣ «ሰምተሃል? አርቪላ አርቪላን ሸጣ፣ አሁን ደግሞ መንግሥት እሷን ሊሸጣት ነው!» ስትለው አርቪላ መስኮቷ ሥር ቆማ ሰማቻት። መቼም ኮራ በሹክሹክታ ማውራት አልተፈጠረላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ወደብ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ሁሉ ጀልባውን በሚስቱ ስም ይጠራል። የአርቪላ ባል ሜርልም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀልባውን «አርቪላ» አላት። ሚስትየዋ ኩሽናዋ ውስጥ ሆና በሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀኑ እንዴት እንደዋለለት ታውቅ ነበር። ወጥመዱ ሞልቶ እንደሆነ ጀልባዋ ከብዷት እያጉረመረመች ትገባለች፤ ባዶ እንደሆነ እንደ ውርንጭላ ትፈነጫለች። በረዶ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ወጥመዱ ባሕር ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳዩትን ተንሳፋፊዎች ብጫና ብርቱካንማ ይቀባሉ።

«ዛሬም ዳቦውን ቀለም አስነካሽው!» ይላታል።

«ታዲያ ሆድህ ውስጥ ገብቶ ማን ያየዋል?»

እንዲያ ያለ ሳቅ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ሜርል በሞተ በዓመቱ፣ ጀልባዋ ያለ እሱ ስትወዛወዝ ማየት አቃታትና ለአንድ ወጣት አጥማጅ ሸጠቻት። ገንዘቡ ለመቃብሩ ድንጋይና ለባንክ ዕዳ ሄዶ አለቀ። የጀልባ ስም መቀየር ገድ የለውም ስለሚባል ገዢው ስሙን አልነካም። እስካሁን ጧት ጧት «አርቪላ ወጣች» ሲባል ልቧ ድንግጥ ይላል።

ታዲያ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድኅን ሊደርሳት ሁለት ዓመት ስለሚቀራት፣ የጤና መድኅን የምትገዛው ራሷ ነበረች። ገቢዬ ትንሽ ነው ብላ ስላስመዘገበች አብዛኛውን መንግሥት ይከፍልላታል። ጀልባዋን ስትሸጥ ለመድኅኑ ሰዎች ትንፍሽ አላለችም። ደብቃ እንዳይመስላችሁ! ጀልባዋ ቤተሰብ ናት፤ ቤተሰብ ገቢ ይባላል ብሎ ማን ያስባል?

የግብር ጊዜ ሲደርስ ሒሳቧን የሚሠራላት ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ አርቪላ፣ ሜርል የጀልባዋን ዋጋ በየዓመቱ እንደ ወጪ እያስያዘ ድሮ ከግብር አስቀንሶ ጨርሶታል። ስለዚህ የሸጡበት በሙሉ ገቢ ነው። ገቢዎ ከፍ ስላለ ደግሞ ለመድኅኑ የተደጎሙትን ይመልሳሉ።»

«አንድ ቀን እንኳን ሐኪም ቤት ሳልሄድ?»

«ቢሄዱም ባይሄዱም።»

የቀራት ነገር ሜርል በእጁ የሠራው፣ ከደጃፋቸው ወደ ባሕሩ የገባው የእንጨት መውረጃ ነው፤ ወጥመዱን የሚያራግፍበት፣ ማታ ማታ እግራቸውን ውኃው ላይ አንጠልጥለው የሚቀመጡበት። ለበጋ ብቻ የሚመጡት ባለጠጎች ወንበራቸውን ሊዘረጉበት እንግዛው ካሏት ቆይተዋል። እሱን ከሸጠች ዕዳዋ ይወርዳል። እሷ ግን በየት በኩል ባሕሩን ታያለች?

ጓደኛዋ ዊኒ ይህን ስትሰማ፣ «የቦሎቄ ራት እናድርግላታ!» አለች። በዚያ ሰፈር ሰው ሲቸገር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋ ጋር ሌሊቱን ሲበስል ያድራል፤ የበላ ሁሉ የአቅሙን ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል።

ሴቶቹ፣ አርቪላም አብራ፣ ቦሎቄ ሊለቅሙ ተሰበሰቡ። ኮራ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«እኔ አልገባኝም! ይሄ ራት ለታመመ ነው። ለግብር ድስት ጥደን እናውቃለን? እሷ ስትሸጥ ሰው መጠየቅ አትችልም ነበር?»

አንዷ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ሌላዋም «እሱስ እውነቷን ነው» አለች። አርቪላ ፊቷ ቀልቶ ካፖርቷን አነሳች።

«ተዉት እቴ፣ መውረጃውን እሸጠዋለሁ። በእኔ የተነሳ አትጣሉ።»

ዊኒ ከቦሎቄው ቀና እንኳን አላለችም።

«ኮራ፣ ባልሽ ኤልዊን ሰክሮ ባሕር ገብቶ ሜርል ጎትቶ ያወጣው ጊዜ፣ ለተሰበረው ወገቡ ሁለት ቅዳሜ ቦሎቄ በላንልሽ። ያኔ ከመብላታችን በፊት ‹ምን ጠጥቶ ነው?› ያለሽ ሰው ነበር?»