ከትከሻ በላይ

"እዚህ ሜዳ ላይ ዛሬ ጨዋታ የለም" አለ የጨዋታው ኮሚሽነር አቶ እስራኤል፣ ጭቃው የነጠቀውን አንድ እግር ጫማውን ጎንበስ ብሎ እየጎተተ።

የነገሌው ዳዋ ሆኪ ቡድን አምበል በፍቃዱ ጫማውን ነቅሎ አቀበለውና ሜዳውን አየ። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ቀዩን አፈር ሊጥ አድርጎታል። ይህን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር።

"ደንቡን ታውቀዋለህ" አለ ኮሚሽነሩ። "ባለሜዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያጫውት ሜዳ ካላቀረበ ፎርፌ ነው።"

"ፎርፌ ከሆነ ከሊጉ እንወርዳለን።"

"ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት።"

ከእንግዶቹ አውቶቡስ መስኮት አንዱ "እረኞቹ! ወደ ከብቶቻችሁ!" ብሎ ጮኸና ሳቅ ፈነዳ። ቢንያም ነበር፤ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ። ስድቡ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሄዱበት ከተማ ሁሉ እረኞቹ ተብለዋል። የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ወንበር ገጣጥመው አድረው ተጫውተዋል፤ ዱላቸው ሲሰበር በሚስማር ጠግነው ተጫውተዋል። ግማሾቹ ጦር ካምፑ ውስጥ ከአባቶቻቸው ገና ጨዋታ የተማሩ የወታደር ልጆች፣ ግማሾቹ የጉጂና የቦረና ልጆች ናቸው። ለመትረፍ ዛሬ አንድ አቻ ይበቃቸዋል። አቻ ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ መጫወት ያስፈልጋል።

"ሜዳ አለን" አለ በፍቃዱ።

"የት?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ያዩታል።"

ባጃጁን አስነስቶ ወደ ከብት ገበያው በረረ። የከብት ገበያው መሬት ስንት ዘመን በሰኮና የተወቀጠ ነው፤ ዝናብ ይወርድበታል እንጂ አይገባበትም። ችግሩ የነገ ገበያተኞች ከወዲሁ ከብቶቻቸውን ሰብስበውበት መሆኑ ነው። ለእነሱ ደግሞ የሚናገሩላቸው ኦቦ ጉራቻ ናቸው። ሽማግሌው በእሾህ አጥሩ ጥግ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ?"

"ናጋ፣ ሰላም ነው። ምነው ጉርባ፣ ምነው ልጄ፣ የሚያባርርህ አለ?"

በፍቃዱ የመጣበትን ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት።

"በዱላ ኳስ ነው የምትነዱት?"

"አዎ።"

"ለምን ትነዷታላችሁ? ትታለባለች?"

በፍቃዱ ሳይወድ ሳቀ። "አትታለብም። ግን ዛሬ ካልነዳናት ከተማችን ከሊጉ ይወጣል።"

ኦቦ ጉራቻ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ልጄ ጋልገሎ የተመታው እዚህ ነው፤ እዚች ጋ። በበሬ ተጣልተው፣ አንዱ ዱላውን ወደ ላይ አነሳ፤ በቃ። ከብቱን ላስወጣልህ እችላለሁ። ግን እዚህ መሬት ላይ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ከተነሳ ጨዋታው ይቁም፣ ከብቶቹ ይመለሱ። ቶሌ? እሺ ትላለህ?"

በፍቃዱን በሊጉ ተፈሪ ያደረገችው ዱላውን ከጆሮው በላይ ወስዶ የሚለቃት ምቱ ናት። ሌላ የሚያኮራ ነገር የለውም።

"ቶሌ" አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሌ ያለ የሌለ ባጃጁን አወጣ። ጎሎቹ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። እበቱ ተዛቀ፤ ሻይ ቤቶቹ አመዳቸውን ሰጡና መስመሩ በአመድ ተሰመረ። አቶ እስራኤል መሬቱን በተረከዙ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና የሚያወጣለት እንከን አጣ። በፍቃዱ የእንግዶቹን አምበልና ቢንያምን ጠርቶ የሽማግሌውን ቃል በኮሚሽነሩ ፊት ተናገረ።

"እሺ፣ እሺ፣ ይሁን" አለ ኮሚሽነሩ ሰዓቱን እያየ። "ጀምሩ።"

እንግዶቹ ቀድመው አገቡ። ዳዋዎች ከእረፍት በኋላ አቻ ሆኑ፤ ነገሌ በጩኸት ተናጠ። በፍቃዱ ግን ሲጫወት የዋለው እጁን እንደታሰረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ኳሷ ግብ አፍ ላይ ብቻዋን ደረሰችው፤ ሰው ሁሉ "ምታት!" አለ። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ገፋት፤ የእንግዶቹ ግብ ጠባቂ በእግሩ መለሳት። ደሙ ፈላ፤ ዱላውን ግን አላነሳም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቢንያም ኳስ አመለጠችው። ተናዶ ተከተላትና ዱላውን ከራሱ በላይ ወስዶ በሙሉ ኃይሉ ለቀቃት። ኳሷ ከጎሉ ርቃ እሾህ አጥሩ ውስጥ ተወሸቀች። ማንም አልተነካም።

ኦቦ ጉራቻ ከተቀመጡበት ተነሱ። ቀስ ብለው እስከ ሜዳው መሐል መጡና ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ጨዋታው ቆመ።

"ዱላ ተነሳ" አሉ። "ልጁ ዱላውን ያስቀምጥ። ናጋ ይበል። ከዚያ ተጫወቱ፤ ከብቱን አልመልስም።"

"ናጋ ለማን ነው የምለው?" አለ ቢንያም እየሳቀ። "ለበሬዎቹ?"

አቶ እስራኤል በፍቃዱን ክንዱን ይዞ ፈቀቅ አደረገው። "ሰውየውን አስወጣቸው። ደቂቃዎች ናቸው የቀሩት፤ አቻ ናችሁ፤ ተርፋችኋል። አሁን ጨዋታው ከተቋረጠ ሜዳው የእናንተ ነው፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው።"

"ቃሉን እርስዎም ሰምተዋል።"

"እኔ የማውቀው የሊጉን ደንብ ነው።"

የዳዋ ግብ ጠባቂ ፋዲል ከጎሉ ሆኖ ተጣራ። "በፌ፣ ለምናቸው በአላህ! ነገ ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን!"

በፍቃዱ ሽማግሌውን አየ። ኦቦ ጉራቻ ኮሚሽነሩንም ቢንያምንም አያዩም፤ የሚያዩት ጠዋት "እዚች ጋ" ያሉትን መሬት ነው። የዓመቱ ስድብ ሁሉ ያኔ ነው ትዝ ያለው። ሲሰደብ ችሎ ነበር። አሁን ግን ስድቡን የሚቀበሉት መሬታቸውን ያበደሩት ሰውዬ ሆነው፣ እሱ ደግሞ አስወጪ ሊሆን ነው።

ሄዶ ከሽማግሌው ዱላ ጎን የራሱን አጋደመና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ አቶ እስራኤል።

"እሱ ዱላውን እስኪያስቀምጥ አንጫወትም።"

"ፎርፌ እጽፋለሁ። ትወርዳላችሁ፤ ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል። ይጻፉ።" በፍቃዱ ቀና ብሎ አየው። "ቦታውን ግን አስተካክለው ይጻፉ፤ ነገሌ፣ ከብት ገበያ።"

ኮሚሽነሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ቢንያም ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ሳቁ ግን ጠፍቷል። ፋዲል የግብ ጠባቂ መከላከያውን እንደለበሰ፣ እየተነጫነጨ ከጎሉ መጣና ዱላውን አስቀምጦ ከበፍቃዱ አጠገብ ተቀመጠ።