ልቀቅልኝ ባዩ አሰልጣኝ

አባቴን መንገድ ላይ የሚያውቀው ሁሉ «ጥይቱ» ነው የሚለው። ለብሔራዊ ቡድን በሚጫወትበት ጊዜ በረኞች ኳሷን ሳያዩ መረቡ ሲወዛወዝ ብቻ ያዩ ነበር አሉ። እኔ አልደረስኩበትም። እኔ የደረስኩት ጉልበቱ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ ደረጃ ሲወጣ «እህ» ማለት ከጀመረ በኋላ፣ የሁለተኛው ሊግ ቡድን አሰልጣኝ ሲሆን ነው። እኔም ትምህርትን ስድስተኛ ክፍል ላይ ደህና ሁን ስላልኩት (ተጣልተን አይደለም፣ አልተግባባንም እንጂ) ከአክስቴ ጋር የቡድኑን ማሊያ አጥባለሁ። ስለዚህ ይህን ቡድን ከነላቡ አውቀዋለሁ።

የአባዬ ችግር፣ ጎል እንዴት እንደሚገባ ያውቃል፣ እንዴት እንዳወቀው ግን አያውቅም። አጥቂው «ኮች፣ በረኛው ሲወጣብኝ ምን ላድርግ?» ይለዋል።

«አግባዋ።»

«እንዴት?»

«አግባዋ እንጂ!»

ከዚያ ትዕግስቱ ያልቅና «ዞር በል» ብሎ ራሱ ይገባል። እያነከሰ አንዷን ወደ ጥግ ይልካታል፣ ተጫዋቾቹ ያጨበጭባሉ፣ ልምምዱ ያልቃል። ማን ምን ተማረ? እግዜር ይወቀው።

አፉም እንደ እግሩ ነው። መስመር ዳር ቆሞ «ልቀቅለት!» ማለት ሲገባው «ልቀቅልኝ!» ይላል። ኳሷን ለራሱ ነው የሚጠራት። ተጫዋቾቹ ለምደውታል፤ «ልኝ» ሲል «ለት» ብለው ይሰሙታል።

«አባዬ፣» አልኩት አንድ ቀን ካልሲ እያሰጣሁ፣ «አንተ አሰልጣኝ ነህ ወይስ አስራ ሁለተኛ ተጫዋች?»

«አንቺ ካልሲሽን አስጪ።»

«የኔ አይደለም፣ የበረኛው ነው። አንድ ጊዜ ብታሸተው ያንቺ ነው አትለኝም ነበር።»

ሳቁን ዋጠው።

ነገሩ ሁሉ በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ። አቻ ከወጣን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፣ አባዬም ሥራው ላይ ይቆያል። ከተሸነፍን ግን የቡድን መሪው አስቀድሞ ነግሮታል፤ «ጥይቱ፣ ስምህን እናከብራለን። ግን ስምህን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠን ጎል አልገባልንም።» አባዬ ደግሞ ከኳስ ሌላ ሥራ አይሆንለትም። ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ደንበኛው ሁሉ ስለ ድሮ ጎሎች ሊያወራ እየመጣ ምንም ሳይገዛ ይሄድ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎ እናቴ ናት እንደ ሕፃን ፈትታ የቆለፈችለት።

ቡድኑ ውስጥ ጭምቱ የምንለው የግራ ተከላካይ አለ። አዲስ ነው። አይከራከርም፣ የታዘዘውን ቃል በቃል ያደርጋል፤ «ሩጥ» ካሉት «በቃ» እስኪሉት ይሮጣል። «ልኝ» ሲባል «ለት» ብሎ መስማትን ገና ማንም አልነገረውም።

ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጭምቱ እኛ ፊት ለፊት ኳስ ቀማ። ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። አባዬ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ መስመሩ ጋ ደረሰ፣ እጁን ዘረጋ፣ በዚያ ድሮ ስታዲየም በሚያናውጠው ድምፁ፦

«ልቀቅልኝ!»

ጭምቱ ቀና ብሎ አየው። ለቀቀለት።

እውነቱን ልናገር፣ ቡድናችን እንደዚያ ያማረ ኳስ ሲያቀብል አይቼ አላውቅም። ሳሩን እየላሰች መስመሩን አልፋ አባዬ ጫማ ሥር መጥታ ተኛች። እሱም፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል፣ በቀኝ እግሩ አቆማትና ቀና ብሎ ጎሉን አየ። ለአንድ አፍታ ሁሉንም ረስቶታል፤ የት እንዳለ፣ ጉልበቱን፣ ያሰረውን ክራቫት። ፊቱን አይቼዋለሁ። እንደዚያ ወጣት ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። መስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን ከአባዬ እግር ሥር ነጥቀው ለአጥቂያቸው ወረወሩ፤ የኛዎቹ ገና አፋቸውን ከፍተው ጭምቱን ያያሉ። ጎል። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፣ አለቀ።

ማሊያ ልሰበስብ ጆንያዬን ይዤ የመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። የቡድን መሪው ገፍቶኝ ገባና ቀጥታ ጭምቱ ላይ ሄደ።

«ማን ነው የገዛህ?»

ጭምቱ ወደ አባዬ ዞሮ አየ።

«ባዶ ሜዳ ትቶ ለወንበር የሚያቀብል ተጫዋች አለ? ሸጠኸናል!» ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥይቱ፣ አንተም አይተሃል። ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው ካልክ ጥፋቱ የአሰልጣኝ አይሆንም። እሱ ይሄዳል፣ አንተ ትቀጥላለህ።»

ጨዋታ ሸጠ ለተባለ ሰው የትኛውም ክለብ በር አይከፍትም፤ ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። አባዬን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሳትኩ ብሎ አያውቅም። የሳታት ሁሉ ወይ ነፋስ ወስዷታል፣ ወይ ሜዳው ጎርብጦ ነው። ጨረቃ ላይ የሰቀላትን ፍጹም ቅጣት ምት እንኳ «ኳሷን አብዝተው ነፍተዋት ነው» ይላል።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ አባዬ።

«ምኑን?»

«ኳሷን። ልቀቅልኝ አልኩት፣ ለቀቀልኝ።»

«አሰልጣኝ ነህ እኮ! ምን ልትሆን ኳስ ትጠራለህ?»

አባዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ጉልበቴ ጡረታ ወጣ፤ አፌ ግን አልሰማም።»

በረኛው ሳቅ አምልጦት አፉን ያዘ። አባዬ ግን እየቀለደ አልነበረም። «ይህን ሁሉ ጊዜ የማሰለጥን መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ ኳስ እየጠበቅኩ ነው።»

«እንግዲህ በገዛ አፍህ ነው» አለ የቡድን መሪው፣ እጁንም ዘረጋ። አባዬ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው።

ከስታዲየሙ ጀርባ ግንቡ ሥር አውቶቡስ ስንጠብቅ ጭምቱ ተከትሎን መጣ። ሊያመሰግን ነበር መሰለኝ፣ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኮች፣ ኳሷ... ጥሩ ነበረች?»

«ብሔራዊ ቡድን ሳለሁ እንኳ እንደሷ ያለች ደርሳኝ አታውቅም!» አለ አባዬ። ክራቫቱን ፈታ አድርጎ፣ «ከኔ ሌላ ማን ነፃ ነበር?» አለው።

ጭምቱ አሰበ። «ስምንት ቁጥሩ። መሃል ላይ ብቻውን ነበር።»

«ታዲያ ለሱ አትሰጠውም?»

«አልጠራኝማ።»

አባዬ ትክ ብሎ አየው። «እንዴት ይጥራህ?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እየጮህኩበት።»

ከዚያ ያችን የተሰፋች ጉልበቱን «እህ» እያለ አጥፎ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጭምቱም ጠጠር ለቅሞ ይደረድርለት ጀመር፤ ይሄ ስምንት ቁጥሩ፣ ይሄ እኔ፣ ይሄ ተከላካያቸው። አባዬ «ከዚያስ የት ሄደ?» ይላል። ጠጠሮቹን ራሱ አልነካቸውም። ጭምቱ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ለካ ድምፁ ጎርናና ነው።

«አባዬ፣ አውቶቡሱ መጣ» አልኩ።

«ቆይ» አለኝ ቀና ሳይል። «እየነገረኝ ነው።»