ባዶው ሰሌዳ

በጦርነቱ መታሰቢያ ግንብ ላይ ካሉት አራት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች አብዛኞቹን የቀረጸችው እማማ መሮ ናት። ይህ ስም የወጣላት መሮዋ ከእጇ ስለማይለይ ነው። የበኩር ልጇን ስም ለሌላ ጠራቢ አልሰጠችም፤ ጥርሷን ነክሳ በገዛ እጇ ጻፈችው።

የመታሰቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱ ሁሉን ነገር ቀድሞ ማሰናዳት መውደዱ ነው፤ ጃንጥላ በበጋ የሚገዛ ዓይነት ሰው። ዓመታዊው የመታሰቢያ ቀን ሳምንት ሲቀረው ጠራትና ከግንቡ ጫፍ የቆመውን አዲስ የእብነ በረድ ሰሌዳ አሳያት። ልሙጥ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም። የስድሳ ስም መስመር እንድታሰምርበት ጠየቃት።

«የእነማን ስም ነው?»

«ለጊዜው የማንም አይደለም፣ እማማ። ምናልባት ካስፈለገ ብለን ነው።»

እቤት ሁለተኛ ልጅ አላት፤ ሃያ ዓመቱ፣ በያጅ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው። ስሙ ስንት ጣት ቦታ እንደሚይዝ እጇ ሳታዝዘው ለካው። ያናደዳት ይኼ ነው። ሰው የልጁን ቁመት ይለካል እንጂ ስሙን ለድንጋይ ይለካል? ጉድጓድ ምሶ ሬሳ መጠበቅን ጥንቃቄ የሚሉ ሰዎች መኖራቸው ይገርማል።

እሺ አለች። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ የእሷ እሺታ ግን ኃላፊው የሚያውቀው ዓይነት አልነበረም። አቧራው ሰው እንዳያስቸግር ብላ ሰሌዳውን በሸራ ጋረደችና ስድስት ቀን ሙሉ ቀጠቀጠች።

በመታሰቢያው ቀን ሕዝቡ አበባ ይዞ መጣ። ስለ ሰላም ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ንግግርማ ማን ይጠላል። ከዚያ ኃላፊው ሸራውን ራሱ ገፈፈው። መስመር የሚባል ነገር የለም። ከዳር እስከ ዳር፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ አንድ ቃል ብቻ ተቀርጾበታል፦ ሞልቷል።

ከኋላ አንዲት እናት ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ እማማ መሮን ወደ ጥግ ወሰዳትና ነገ በማሽን እንደሚያስፍቀው ነገራት።

«አይፋቅም» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ስም ስንጽፍ ላይ ላዩን ነው። ይኼን ግን እስከ ድንጋዩ ወገብ ቆፍሬዋለሁ። ፊደሉ እስኪጠፋ ብትፍቀው ይሰበራል።»

«ሌላ ሰሌዳ እናስመጣለን።»

«አስመጣ። መሮዬን ስዬ እጠብቅሃለሁ።»

ኃላፊው ዘበኞቹን ሊጠራ ዞር አለ። አበባ የያዙት እናቶች ግንቡ ላይ ካለው የልጆቻቸው ስም ፊት ተነሥተው መጥተው በእሱና በሰሌዳው መካከል ቆመዋል። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ግን ንቅንቅ አላለም።

«ልጅ አለህ አይደል?» አለችው እማማ መሮ። «ስንት ዓመቱ ነው?»

ኃላፊው «አሥራ ሰባት» አለ። ስለ ማሽኑ ሁለተኛ አላነሳም።