በእጣቢ የበቀለ ስንዴ

እኔ ይታየሽ ስናደድ የአፍ መፍቻዬ ኽምጣኛ ይቀድመኛል። ያን እሑድ ግን ደጀ ሰላሙ ሁሉ እንዲሰማኝ በአማርኛ ተናገርሁ።

ማሳዬ ከሰቆጣ በታች፣ የላይ ሰፈር እጣቢውን ከሚለቅበት ቦይ ስር ነው። ዝናቡ ሁለት ዓመት ሲከዳን፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም ባለሙያ አማክሬ እጣቢውን አጣርቼ ማሳዬን ላጠጣበት ሦስት ጉድጓድ ቆፈርሁ። በመጀመሪያው እድፉ ይዘቅጣል፣ ሁለተኛው በአሸዋና በጠጠር ያጣራል፣ ሦስተኛው ቄጠማ የበቀለበት ነው። የሽንት ቤት አይገባበትም፤ የልብስና የዕቃ እጣቢ ብቻ። ባለሙያው ውሃውን መርምሮ "ለስንዴ ይሆናል" አለኝ። እኔም የመጀመሪያው ምርት ለማርያም መገበሪያ፣ ለቅዳሴው ኅብስት ይሁን ብዬ ተሳልሁ።

ስንዴው ያዘልኝ። መያዝ ብቻ! አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ጆንያውን አዝዬ ኅብስቱ ከሚጋገርበት ከቤተልሔሙ በር ደረስሁ። ገበዙ ቄስ ገብረ አምላክ የነጣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

"ይታየሽ፣ በእጣቢ የበቀለ ለመገበሪያ አይሆንም። ለነዳያን ስጪው" አሉኝ።

እንዴ! ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ወር ጎንበስ ብዬ የከረምሁት ለዚህ ነው?

"አባቴ፣ ነዳያን የሚበሉትን ማርያም ትጸየፋለች ያለዎት ማነው? ስለቴን ይዤ አልመለስም!"

"ውሃው የሰው እድፍ ነው።"

"የማን እድፍ?"

መልሱ ከኋላዬ መጣ። የቄሱ ባለቤት ወለተ ገብርኤል ናት፤ ቤታቸው ከቦዩ አናት ላይ ነው።

"የእኛ ነዋ! ዓመቱን ሙሉ ይህን ነጠላዎን ያጠብሁበት ነው የወረደላት። ውሃው ርኩስ ከሆነ ነጠላውም ርኩስ ነው፤ ያውልቁት!"

ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መጥታ የጆንያውን አንድ ጆሮ ያዘች። ሁለታችን አንስተን ደፉ ላይ አሳረፍነው።

ቄሱ የነጠላቸውን ጥለት አየት አደረጉ።

"ዲያቆን፣ ተቀበላት" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ዲያቆኑ ሊያነሳው ቢጎትት ጆንያውን አልለቀቅሁለትም።

"መጀመሪያ ይባረክ" አልሁ። "የተናቀው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይባረክ።"

ወይ ድፍረት፣ አለ አንድ ሽማግሌ። ይበል! ቄሱ ግን መስቀላቸውን አወጡ። እጄን ከጆንያው ያነሳሁት መስቀሉ ሲነካው ነው።