ዳኛው አምጡ ያሉት ቃል

ተናኘ የቀድሞ ባሏን ፍቅረ ሥላሴን መናቅ የጀመረችው ገና ሳይፋቱ ነው። ሰው ፊት ደረቱን የሚነፋ፣ ፖሊስ ሲያይ ግን የሚርበተበት ወንድ ነበር። በ2008 ሲያትል አጠገብ፣ ቡሪየን ውስጥ ታክሲው ተፈትሾ ካርቶን ሙሉ ጫት ተገኘበት። አሜሪካ ውስጥ ጫት ያስከስሳል። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀና ክሱ ድንበር ተሻግሮ ቫንኩቨር፣ የተናኘ ወንድም አበጀ ላይ አረፈ። ፍቅረ ሥላሴ «ከካናዳ የሚልክልኝ እሱ ነው» ብሎ መሰከረ። አሜሪካ አሳልፋችሁ ስጡኝ አለች፤ ካናዳም አበጀን አሰረችው።

አበጀ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። ተናኘ ግን ንጹሕ መሆኑን ያወቀችው ወንድሟን ስለምታምን ብቻ ሳይሆን መስካሪውን ስለምታውቀው ጭምር ነው።

የአበጀ ጠበቃ፣ አንዲት ካናዳዊት፣ ኮል አደረገችላት።

«ምስክሩ ለምን እንደተለቀቀ አሜሪካኖቹ በላኩት የማስረጃ ማጠቃለያ ውስጥ አንድም ቃል የለም» አለቻት። «ቃል ገብተውለት ያንን ከዳኛው ደብቀው ከሆነ በፍርድ ቤት መቀለድ ነው፤ ጉዳዩ ይዘጋ ማለት እንችላለን። ግን ማስረጃው ያለው በእነሱ እጅ ነው።»

«ታዲያ አምጡ በሏቸዋ!»

«ዳኛው በጥርጣሬ ብቻ አምጡ አይሉም። መጀመሪያ ጥርጣሬያችሁ መሠረት እንዳለው አሳዩኝ ይላሉ።»

ተናኘ በንቀት ሳቀች። ማስረጃ እንዲወጣ ማስረጃ አምጡ! ቢሆንም መንገዱ ወዲያው ታያት። ፍቅረ ሥላሴን ማስፈራራትም መለመንም አያስፈልግም፤ ኩራቱን መንካት ይበቃል።

«ድምፁን ደብቀሽ እንዳትቀጂው፣ በእናንተ ስቴት ወንጀል ነው» አለች ጠበቃዋ።

«ምን ያስቀዳኛል? እሱ ሰሚ ካገኘ ራሱ ያወራል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፌደራል ዌይ በምትባለው ከተማ፣ ፍቅረ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነጠላውን አጣፍቶ ሰው ሰብስቦ ያወራ ነበር። ተናኘ በሆም ኬር አረጋውያን የምትንከባከበውን ሙሉወርቅን ሁለተኛ ሰሚ እንድትሆን አስከትላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ፍቅሬ» አለችው። ስሙን ስታቆላምጥ አፏ ኮመጠጣት። «ፈርቶ ነው የመሰከረው ይሉሃል።»

እንደጠበቀችው ተነፋ። «እኔ? እነሱ ናቸው የለመኑኝ! መጀመሪያ የነገርኳቸው እዚሁ ቅርብ፣ ዴ ሞይን ያለውን ጫት አቅራቢ ሰውዬ ነበር። ‹እሱን ተወው፣ ከእኛ ጋር ይሠራል፤ ካናዳ ማንን ታውቃለህ?› አሉኝ። ሶ፣ አንድ ስም ሰጠኋቸው፤ የኔን ክስ ዘጉልኝ። ከመንግሥት ጋር እንዲህ ነው መነጋገር፣ ኦኬ?»

«የማንን ስም?» አለች ተናኘ በቀስታ።

አፉን ከፈተ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ገጠመው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ተናኘም፣ ቁጣ ለሰው ነው ብላ፣ ትታው ተነሣች።

ሁለቱ ሴቶች ቫንኩቨር ሄደው የሰሙትን በመሐላ ሰጡ። አሜሪካን ወክሎ የቆመው የካናዳ መንግሥት ጠበቃ ተናኘን ቁልቁል እያየ፣ «ይህ የተፈታች ሚስት ቂም ነው» አለ።

«ወይዘሮ ሙሉወርቅንስ የፈታት ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

ከዚያም ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም ብለው ፍቅረ ሥላሴ መጀመሪያ የሰጠው ቃል የተያዘበት ማስታወሻና ለምስክሩ የተገባለት ቃል እንዲቀርብ አዘዙ፤ ካልቀረበ ዝምታውን በአሜሪካ ላይ እንደሚቆጥሩት ተናገሩ።

ከሲያትል ዐቃቤ ሕጎች ቀጠሮ ይራዘምልን የሚል መልስ መጣ። እንደገናም መጣ። በመጨረሻ ማስታወሻውን ከሚያሳዩ አሳልፋችሁ ስጡን የሚለውን ጥያቄያቸውን መተው መረጡ፤ አበጀም ተፈታ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ያን የሚያህል መንግሥት ልክ እንደ ፍቅረ ሥላሴ አፉን ገጥሞ ሲሸሽ ተናኘ አየችና ናቀችው። የሲያትሉ ክስ ግን አልተሰረዘም፤ አበጀ ድንበሩን ከረገጠ ይያዛል።

ወንድሟን ልታይ ወደ ሰሜን ልትነዳ ስትል ፍቅረ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ደረሰባት። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሏት መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ዳኛው ስሜን አንሥተውት ነበር?» አላት።

መስኮቱን ዘግታ መኪናዋን ነዳች።