የሉዚያ መርዶ

ሚሲዮናውያኑ ባልና ሚስት ካዛንቺስ ያለችውን የጓሮ ሰርቪስ ቤቴን ከተከራዩ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። የመጡት ከብራዚል ነው። ባልየው ማርኮስ፣ ሚስትየው ሉዚያ ይባላሉ። "ወንጌል ልናስተምር መጣን" ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሌሊት በቅዳሴ ድምፅ ለሚነቃ ሰፈር ወንጌል! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። እሑድ እሑድ ጊታር ይዘው ሲዘምሩም ያናድዱኛል። ልጅቷን ግን ወደድኳት። መስቀል ፍላወር አካባቢ አማርኛ ትማራለች፤ የተማረችውን ማታ መጥታ እኔ ላይ ትለማመዳለች። "እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ጥሩዬ? ዛሬም ሽንኩርት ተወደደ" ስትል ማን ይጠላታል።

አንድ ሐሙስ ማርኮስ ለሥራው ጂንካ ሄዶ ነበር። የሰርቪሷ መብራት መስመር ተቃጥሎ ስለነበር ሉዚያ ስልኳን እኔ ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክታ ወደ ትምህርቷ ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ ማርኮስ በእኔ ስልክ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የሉዚያ እናት በጣም ታማለች። ሉዚያ ቶሎ ትደውል። ቶሎ!" አለና ተቋረጠ።

ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ "በጣም ታማለች" ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ወንድሜ ሲሞት "ታሟልና ነይ" ብለው ነው ደሴ ድረስ ያስጠሩኝ። አባቴ ሲሞትም "ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው" ነበር ያሉኝ። የሰው ሞት በስልክ አይነገርም። እንዲያውም ልጁ አገሩን ለምዶ ወጉን ያዘ ብዬ ኮራሁበት።

መርዶ ሥርዓት አለው። ባሏ አጠገቧ ለሌለ ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ በር ላይ አቁሞ አይነገርም። በልታ ታድራለች፤ ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል፤ ብትወድቅ የሚያነሳት አይጠፋም። እስከዚያ ግን ከማንም መስማት የለባትም። ስልኳን ነቅዬ አጠፋሁትና ቡፌው ውስጥ፣ ከሳህኖቹ ኋላ ከተትኩት።

የሰፈሩ ግማሽ ሲፈርስ እድራችን ቢበተንም አዛውንቱ አቶ አረጋዊ አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው።

"ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንመጣለን" አሉኝ።

ነገሩን የሰማችው ባለሱቋ ጎረቤቴ ሪሐና ግን ፊቷ አላማረኝም።

"እትዬ ጥሩዬ፣ ሞታለች አለዎት?"

"በጣም ታማለች አለኝ።"

"ማለቴ... ፈረንጅ እኮ እንደኛ አይደብቅም። የምር ታማ ቢሆንስ?"

"ወግጂ! ስንቱን ያረዳሁትን ሴትዮ መርዶ ልታስተምሪኝ ነው?"

እቤት ስገባ ግን ቃሏ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ስልኬ ጮኸ፤ ማርኮስ ነው። ባነሳው "ነገሯት?" ይለኛል፤ መዋሸት ደግሞ አልችልበትም። አምስት ጊዜ ደወለ። በመጨረሻ የእኔንም ስልክ አጠፋሁት። ምን ነበር አንዴ ባነሳው!

አስር ሰዓት ላይ ሉዚያ መጣች።

"ስልኬ ሞላ?"

"እንቢ ብሎኝ ሊታይ ልኬዋለሁ። ነገ ጠዋት ይደርስሻል።" መዋሸት አልችልም ያልኩት ሴትዮ ይኸው ዋሸሁ።

"ዛሬ ለእናቴ መደወል አለብኝ። ሆስፒታል ገብታለች። ዶክተሩ ደህና ናት ብሏል፣ ግን ድምፄን ስትሰማ ደስ ይላታል። በእርስዎ ስልክ ልደውል?"

"ካርድ የለኝም" አልኳት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ራት አቀረብኩላት። ነገ እህል አፏ አይገባም ብዬ እየደጋገምኩ አጎረስኳት፤ እየሳቀች በላች። እንባዬን አይታ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ጉንፋን ነው አልኳት። በሽተኛ መስያት ግንባሬን ዳብሳ፣ በቋንቋዋ ጸልያልኝ ሄደች።

ሲነጋ ስምንት ሆነን በሯን አንኳኳን። በሌሊት ልብሷ ወጣች። ነጠላችንን አየች፤ ምንም አልገባትም።

"ልጄ፣ በርቺ። እናትሽ ሞተዋል" አሏት አቶ አረጋዊ።

ለቅሶው ቀለጠ። እኔ ወገቧን ያዝኩ።

"ማን ነገራችሁ?" አለች።

"ማርኮስ። ትናንት" አልኳት።

"ትናንት?" እጄን ከወገቧ አላቀቀች። "ስልኬ የት ነው?"

ሮጬ አመጣሁላት። ስትከፍተው መልእክቱ አላባራ አለ። የመጨረሻው የድምፅ መልእክት ነበር፤ ነካችው። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ትንፋሽ ያጠረው። ከቋንቋው የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ሉዚያ። ደጋግማ ሉዚያ ትላለች።

"መቼ ነው የተላከው?" አለች ሪሐና።

"ዛሬ ሌሊት፣ አስር ሰዓት።"

አቶ አረጋዊ ያዘቀዘቁትን ነጠላ መመለስ ጀመሩ። ሪሐና ወደ እኔ አላየችም፤ ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። ሉዚያ ደወለች። ያነሳችው እህቷ ናት፤ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን።

"ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የሞተችው" አለች ሉዚያ ስልኩን ሳትዘጋ። "እስከዚያ ድረስ ልጄ ትደውላለች ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ነበር።"

እግሯ ላይ ወደቅሁ። "ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው ልጄ! ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ!"

ቆማ አየችኝ።

"እኔ ብቻዬን ብሰማ ምንም አልሆንም ነበር" አለች። "እናቴ ግን እየጠራችኝ ነበር።"