ላብ ያጠመቃት ግመል

ኬክ ሠሪዋ ሀፊዛ የቅቤ ክሬም ኬኳን ከኮድቡር ሰፈር ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው ሰፈር ያደረሰችው ባጃጅ ወለል ላይ ደልደል አድርጋ አስቀምጣ፣ በየጉድጓዱ ሾፌሩን እየተቆጣች ነው። ኬኩ ንቅንቅ ሳይል ከሐጅ የተመለሱት የግመል ነጋዴ፣ ሐጂ ሳማታር ቤት ገባ።

ጉድ የፈላው ኬኩ ላይ የምትቆመው፣ ፎንዳንት ከሚባለው የስኳር ሊጥ የተሠራችው ግመል ከካርቶኗ ስትወጣ ነው፤ ላብ በላብ ሆናለች።

«ምን አቅብጦኝ ነው ፍሪጅ ያስገባኋት!» ብላ በሶፍት ልትጠርጋት ስትል ሐጂ ከዘራቸውን መሃል አስገቡ።

«ተዪ ልጄ!» አሉ፣ ድሬዳዋ ሲነግዱ በለመዱት አማርኛ። «ከሩቅ የመጣች ግመል አትነካም። ጥላ ስር አቁሚያትና ነፋስ ይምታት።»

ሀፊዛ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቬንትሌተሩ ፊት አቆመቻት።

እንግዶች ሲመጡ ግመሏ ላቧ ደርቆ ኬኩ ላይ ጉብ ብላለች። ሐጂ ግን ቢላዋ የያዘ ሰው እንዳይጠጋት ከዘራቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል።